ጭቃ የነካ እጅ

ገላነሽ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ እሷ ራሷ ግን ጭቃ ነክታ አታውቅም ነበር።

እናቷ ዕንቁ ከደብረ ታቦር ወዲያ ባለች መንደር ድስትና እንስራ እየሠራች ነው ያሳደገቻት። ገበያ ላይ ድስቱን አንኳኩተውና አገላብጠው የሚገዟት ሰዎች ገንዘቡን በእጇ አይሰጧትም ነበር፤ መሬት ላይ ጣል ያደርጉላታል። ውሃ ከለመነችም የሚቀዳላት ማንም በማይጠጣበት ስንጥቅ ቅል ነው። “ጠይብ ናት፣ ዓይኗ ይበላል” ይባላል። ስለዚህ ዕንቁ ልጇ ጭቃው አጠገብ ስትደርስ ባየች ቁጥር ትንንሽ እጆቿን ይዛ በአመድ ታሽላትና፣ “ይሄ እጅ እስክሪብቶ ነው የሚይዘው” ትላታለች።

ገላነሽም እስክሪብቶ ያዘች። ተማረች፣ አዲስ አበባ ገባች፣ ከዚያ ብዙ አገር አቋርጣ ፍራንክፈርት ደረሰች። ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ፣ በአቅራቢያዋ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ በረዳትነት ትሠራ ጀመር። አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ምንያህል የሚባል ሰው ወደደች፤ እሱም ወደዳት። ለጥቅምት ሠርግ ቀጠሩ።

እዚያ መኖሪያ ውስጥ ሄር ፎግት የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ አሉ። የክፍላቸውን ግማሽ የያዘው ሰፊ ጣውላ ላይ የተዘረጋ የባቡር ሞዴል ነው፤ ሐዲዱ፣ ድልድዩ፣ ጣቢያው፣ ባቡር የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ አሉ። ገላነሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንሶላ እየቀየረች ትንንሾቹን ሰዎች አየቻቸውና፣ “ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም ባለ ኮፍያ፣ ሁሉም ቀጥ ብለው የቆሙ” አለች።

“ከፋብሪካ የተገዙ ናቸዋ!” አሉ ሽማግሌው። “ድሮ እኔ ራሴ ነበርኩ የምሠራቸው። አሁን ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።” መገጣጠሚያው ሁሉ ያበጠ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩአት። ከዚያ መሳቢያ ከፈቱ። ሽቦ፣ ፒንሳ፣ መርፌ እንጨት ላይ ተሰክቶ የተሠራ መሣሪያ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ግራጫ ጭቃ። “ሞክሪ” አሏት።

ገላነሽ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። “አልነካም።”

“ለምን?”

“እናቴ አትወድም።”

ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። “አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?”

ፊቷ ጋለ። የሳቁት በእሷ ይሁን በእናቷ አልገባትም፤ ብቻ ተናደደች። ጭቃውን አንስታ በጣቶቿ መካከል ጨመቀችው። የአፈር ሽታ ጠብቃ ነበር፤ የሸተታት ግን አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ነው። ሆኖም ጣቷን ተከትሎ ሲሄድ፣ ስትጫነው ሲጎደጉድ፣ ስትለቀው እንዳለ ሲቀር ተሰማት፤ እጇ የሆነ ነገር ሲታዘዝለት የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ሥራዋን ጨርሳ እስክትወጣ አንድ ሰው ሠራች። ሄር ፎግት ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

“ይሄ ድንች ነው” አሉ። “እግር ያለው ድንች።”

“ነገ ሌላ እሠራለሁ።”

“ነገም ድንች ነው የሚሆነው። ከአፍንጫ ጀምሮ ሰው የሠራ የለም። መጀመሪያ አጥንት ነው።”

በማግስቱ አጥንት ሠሩ፤ ማለትም ሽማግሌው ተናገሩ፣ እሷ ሽቦውን ጠመዘዘች። ሲጀመር እንደ ባቡሩ ሰዎች ደቃቃ መሥራት ከንቱ ድካም መሆኑን ነገሯት። “የመሐል ጣትሽን ታክል፤ ዓይንሽና እጅሽ ሲስማሙ ታሳንሻታለሽ።” ሰውዬው የሚቆምበትን ሁኔታ ጭቃ ሳይነካ ገና በሽቦው መወሰን አለባት። ቀጥሎ ሆዱና ደረቱ በተጨማደደ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ይሞላል፤ ጭቃው ከላይ እንደ ቆዳ ስስ ሆኖ ይለብሳል። ትልልቁ ቅርጽ ይቀድማል፣ ፊት መጨረሻ ነው።

ጭቃ ገዝታ ቤቷ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ እጆች ተሰበሩ። ፊቶቹ ሁሉ የደነገጡ መሰሉ። አንድ ቅዳሜ ጭቃው የሚጠነክርበትን ኦቨን አብዝታ አግላ ሁለት ሰዎች ጠቆሩባት፤ ወጥ ቤቷ በሚከረፋ ጭስ ተሞልቶ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍታ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። ምንያህል መጥቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩትን ስብርባሪዎች ሲያይ ሳቀ። “እነዚህን ለምን አትጥያቸውም?”

“ያሸነፉኝን ላውቃቸው እፈልጋለሁ” አለችው።

ቀስ በቀስ ዓይኗ ተለወጠ። በከተማው ባቡር፣ በኤስባን ስትሄድ ስልኳን ማየት ትታ ሰው ታይ ጀመር። የደከመው ሰው በሁለት እግሩ እንደማይቆም፣ ክብደቱን ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን እንደሚያሳርፍ ልብ አለች። እምባ የሚታገል ሰው አገጩ እንጂ ዓይኑ እንደማያጋልጠው አየች። ከእሷ ጋር የምትሠራውን ሃይሚን ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሠራቻት። ሃይሚ ስታየው ጮኸች፤ “ወገቤ! ይሄ እኮ የኔ ወገብ ነው!”

በዚያው ሰሞን ሳታስበው አንዲት ሴት ሠራች፤ ጎንበስ ያለች፣ በጀርባዋ እንስራዎች በገመድ አስራ የተሸከመች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች። ሽቦውን ስታጥፍ ማን እንደሆነች አላወቀችም ነበር። ትከሻዋን ስትሠራ አወቀቻት።

የምንያህል ታላቅ እህት እታለም ሠርጉን ልትነጋገር የመጣችው ያኔ ነው። እታለም ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ባሉ ምግብ ቤቶች ጓዳ ቆማ ሠርታ ወንድሟን ከአገር ያስመጣች፣ እንደ እናት የያዘች ሴት ናት። የኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥም ቃሏ ይሰማል። ምሳ ቀርቦ ጥቂት እንደጎረሱ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

“እነዚህ ምንድን ናቸው?”

“ትንንሽ ሰዎች ናቸው፣ እትዬ። እኔ ነኝ የምሠራቸው።”

“በምን?”

“በጭቃ። የፕላስቲክ ነው፤ ኦቨን ውስጥ ይጠነክራል።”

“ኧረ በስመ አብ!” እታለም ሳቀች። “ጀርመን ድረስ መጥተሽ ሸክላ ሠሪ ሆንሽ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ደግሞስ የተቀረጸ ምስል ለአንተ አታድርግ አይደል የሚለው?”

“አልሰግድላቸውም፣ እትዬ። አቧራ ነው የማራግፍላቸው።”

ምንያህል ፈገግ አለ። እታለም ተነስታ ጎንበስ ያለችውን ሴት በሁለት ጣቷ አነሳቻት። “ይቺስ?”

“አንዲት ገበያተኛ ናት” ቢባል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉ ገላነሽ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ራሷ በዚያ ቦታ ብትሆን እንደዚያ በይ ነበር የምትላት። ግን ትከሻዋን በእጇ ሠርታ፣ ስሟን በአፏ መካድ አስጠላት።

“እናቴ ናት” አለች። “ሸክላ ሠሪ ናት።”

እታለም እንደሚፋጅ ነገር መደርደሪያው ላይ መለሰቻት። ጣቶቿን በሶፍት ጠረገች። ወደ ማዕዱ አልተመለሰችም። “ምንያህል፣ ተነስ፤ አድርሰኝ” ብላ ካፖርቷን አነሳች።

ምንያህል በማግስቱ ብቻውን መጣ። ሳይቀመጥ፣ “ለምን አልነገርሽኝም?” አለ።

“መቼ ጠየቅከኝ? ገበያ ትሸጣለች ስልህ፣ ምን ትሸጣለች አላልክም።”

“እኔ ግድ የለኝም፣ ገላ። እውነቴን ነው። እትዬ ግን ያደገችበት ነው፣ ምን ላድርጋት? እስከ ሠርጉ ብቻ እነዚህን ነገሮች ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቢያቸው። የዚያን ቀኑንም ቀልድ ነበር ብለሽ ንገሪያት። እስከ ሠርጉ ብቻ።”

“ከዚያ እስከ ክርስትናው ትለኛለህ። ከዚያ ልጁ እስኪያድግ።”

“እንደሱ አልልም።”

“ትላለህ። ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባ ነገር ካለ ሠርጉ ይግባ።”

ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ምንያህል ቀለበቱን አየው፣ እሷን አየ፣ አላነሳውም። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ። ገላነሽ ያን ቀን ምንም አልሠራችም፤ ተኝታ አለቀሰች።

ሳምንት ሳይሞላ እናቷ ደወለች። የእታለም ዘመዶች እስከ ገበያው ድረስ ሄደው አጠያይቀው ነበር።

“ምን አደረግሽ?” አለች ዕንቁ። “ከጭቃ ያወጣሁሽ ልጅ ተመልሰሽ ጭቃ ገባሽ? ጣይው! እናቴ ሞታለች በያቸው፣ ያቺን አላውቃትም በያቸው።”

“አልልም፣ እማዬ።”

“እኔ እኮ ለራሴ አይደለም የምልሽ! እኔስ ለምጄዋለሁ።”

“እሱ ነው የሚያናድደኝ፤ መልመድሽ። እጄን በአመድ ታሺው የነበረው ጭቃው ቆሻሻ ሆኖ ነው? ፈርተሽ ነው። እኔ አልፈራም።”

ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ብትደውል አይነሳም።

ጳጉሜ ላይ ማኅበሩ ለአዲስ ዓመት በዓል አዳራሽ መከራየቱን አስታወቀ፤ የእጅ ሥራ ያለው ሰው ጠረጴዛ ይዞ እንዲያሳይም ተጋበዘ። ገላነሽ ተመዘገበች። መልሱ ከእታለም ስልክ መጣ፤ “ቦታ ሞልቷል።”

ገላነሽ ለሄር ፎግት ነገረቻቸው። ሽማግሌው ነገሩን በሙሉ አልተረዱትም፤ የሸክላ ሥራ የሚያሳፍርበት ምክንያት ጭራሽ አልገባቸውም። ሆኖም፣ “ምድር ቤት ውስጥ ታጣፊ ጠረጴዛ አለኝ። ለግድግዳ ወረቀት መለጠፊያ ነበር። ረጅም ነው” አሉ።

እሷና ሃይሚ ጠረጴዛውን ፊትና ኋላ ይዘው በኤስባን ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ እውነትም ቦታው ተይዟል፤ ነጠላ የሚሸጡ፣ ቅመም የሚሸጡ፣ መጽሐፍ የደረደሩ አሉ። በካፖርት መስቀያውና በመጸዳጃ ቤቱ በር መካከል ግን ባዶ ግድግዳ ነበር። እዚያ ዘረጉት። ገላነሽ ሰዎቿን አወጣች፤ ሃይሚን ከነባልዲዋ፣ በኤስባን ወንበር ላይ አንገቱ ተቀልሶ የተኛ ጎልማሳ፣ የገበያ ጋሪ የምትጎትት አሮጊት፣ ያበጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያሳረፈ ሽማግሌ። እናቷን ከሁሉም ፊት አቆመቻት። ከሥሯም በትልልቅ ፊደል የጻፈችውን ወረቀት አደረገች። “ወይዘሮ ዕንቁ፣ ሸክላ ሠሪ” ይላል።

ሰው ሁሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ በዚያው ያልፋል። ጎንበስ ብለው ያዩና ደስ ይላቸዋል፤ ወረቀቱን ያነቡና ፊታቸው ይለወጣል። አንዲት ሴት ልጇን በክንዱ ስባ ወሰደችው፤ ልጁ እየተጎተተ፣ “ማማ፣ ጉክ ማል! እዪ!” እያለ በጣቱ ያሳያል። ሁለት ወጣቶች የሃይሚን ምስል አይተው ሳቁና ፎቶ አነሱ። ገላነሽ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቆማለች።

ጥቂት ቆይቶ ዓንደሚካኤል መጡ። በሆክስት ፋብሪካዎች ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ የአዳራሹ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄን ጠረጴዛ አስነሱ ተብዬ ነው የመጣሁት” አሏት።

“አላነሳም፣ ጋሼ።”

“ቦታ የለም ይላሉ።”

“ይኸው የቆምኩበት ቦታ ነው። የማንን ወሰድኩ?”

ዓንደሚካኤል መነጽራቸውን አደረጉ፤ ዝቅ ብለው ወረቀቱን አነበቡ፤ ሴትዮዋን አዩአት። ምን እንዳሰቡ አይታወቅም። ቀና ብለው ወደ ኋላቸው፣ “እታለም! እኔ የተረከብኩት ቁልፍ እንጂ ሰው ማባረር አይደለም። ጉዳይ ካለሽ ራስሽ ነይ” ብለው ሄዱ።

እታለም መጣች። የበዓል ልብሷን ለብሳለች፤ ከኋላዋ ሰው ይከተላል። “ገላነሽ፣ ዛሬ በዓል ነው” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሰው አትረብሺ። ቢያንስ ይቺን ወረቀት አንሺ።” እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች።

“ያንሱት፣ እትዬ” አለች ገላነሽ። ድምፅዋ አዳራሹን አቋርጦ ተሰማ። “ሴትዮዋንም ያንሷት። ቤቴ መጥተው አንስተዋት የለ? በሁለት ጣትዎ ይዘዋት ነበር። ታመሙ እንዴ?”

የእታለም እጅ አየር ላይ ቀረ።

“እስቲ ይንገሩን፣ ምን ሆኑ? ባደጉበት ቤት የነበረው ድስት ሁሉ እንደ እናቴ ያለ እጅ የሠራው ነው። በሱ በልተው ነው ያደጉት። ድስቷ ሲያጠግብዎ ያልበላዎት ዓይኗ፣ ዛሬ በፕላስቲክ ይበላዎታል?”

ከሰው መሐል አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። የእታለም ፊት ደም መሰለ። ሰዉን ሰንጥቃ ወጣች። ገላነሽ ደስ አላላትም። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስትዋረድ ማየት ከበዳት፤ የተናገረችውን ግን ልትመልሰው አልፈለገችም።

ግርግሩ ሲበርድ ሳፍያ የምትባል፣ ከማንም ጋር ብዙ የማትቀራረብ ሴት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። “አባቴ ቀጥቃጭ ነበር” አለች በሹክሹክታ። ቀና ብላ አዳራሹን ቃኘች። ከዚያ ደግማ፣ አሁን ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ “አባቴ ቀጥቃጭ ነበር! ማረሻ ይሠራ ነበር” አለች።

ምንያህልም አዳራሹ ውስጥ ነበር። ምሰሶ ተደግፎ ሁሉንም አይቷል። አልመጣም። ገላነሽ ከሁሉም ያቆሰላት ያ ነው። ሰዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጠረጴዛውን አጥፋ፣ ከሃይሚ ጋር እንደመጣች ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ አንዳንዱ መንገድ ላይ ሲያገኛት ወደ ሌላ ያያል፤ አንዳንዱ ከበፊቱ አብልጦ ይስማታል። ለሠርጉ የተቆረጠው ቀን ሲደርስ ገላነሽ ሥራ ገብታ ዋለች። ኅዳር ሲጋመስ እናቷ ደወለች። ሃይሚ የእንስራ ተሸካሚዋን ፎቶ ለአንዲት የገላነሽ መንደር ልጅ ልካ፣ ያቺ ልጅ ለዕንቁ አሳይታታለች።

ሰላምታም አልነበረም። “ገመዱን ተሳስተሻል” አለች ዕንቁ።

“ምን?”

“እንስራዎቹ የታሰሩበት ገመድ። እንደዚያ ታስሮ ቁልቁለት ላይ ይገለበጣል። በደረት ነው የሚያልፈው። ወገብ ላይ አይደለም።”

ገላነሽ አፏን በእጇ ያዘች። “በደረት ዞሮ ከዚያስ?”

እናቷ በደንብ አስረዳቻት፤ ሁለት ጊዜ። ስትጨርስ፣ “ትከሻዬን ግን አውቀሽዋል” ብላ ዘጋች።

ምንያህል የመጣው ከገና በኋላ፣ በረዶና ዝናብ በተቀላቀለበት ቀን ነው። ደረጃው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ።

“ለገና እትዬ ቤት አልሄድኩም” አለ። “ገላነሽ በማትቀመጥበት ማዕድ አልቀመጥም አልኳት።”

“ምን አለች?”

“አለቀሰች። ያስመጣሁህ እኔ ነኝ አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ በሩን ዘጋችብኝ።”

ገላነሽ በሩን እንደያዘች ናት። “አዳራሹ ውስጥ ምሰሶ ተደግፈህ ታየኝ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ሁለተኛ እንደዚያ ብትቆም እዚያው ምሰሶህ ጋ ትቀራለህ። ጠርቼ አላመጣህም።”

“ገብቶኛል።”

አየችው። ለመቆየት የመጣ ሰው አቋቋም መሆኑን አጣርታ ስታበቃ ከበሩ ዘወር አለች። “ግባ። እጅህን ታጠብና ይሄን ሽቦ ያዝልኝ፤ እያመለጠኝ ነው።”

ታጥቦ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሽቦውን አጥብቆ ይዞላት እሷ በፒንሳ ጠመዘዘችው። አከርካሪ ወጣ፤ ሰፋ ያለ ዳሌ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ወደ ፊት የተዘረጋ አንድ እጅ።

“ማንን ልትሠሪ ነው?” አለ።

“እትዬ እታለምን።”

ምንያህል ሽቦውን ሊለቀው ምንም አልቀረው። “እትዬን? በጭቃ?”

“በጭቃ” አለች ገላነሽ ፎይሉን እየጨመደደች። “አትልቀቀው እንጂ! እጇ ከባድ ነው፤ ካልደገፍነው ይሰበራል።”